ስለ አደባባዩ ሐውልት ቢጋር፦ ለባህልና ሥነ ጥበብ ቢሮ ኃላፊ ግልጽ ደብዳቤ

ክቡር ኃላፊ፣

ቢሮዎ በሴቶች ላይ የሚፈጸመውን ጾታዊ ጥቃት የሚያወግዝ ሐውልት በአደባባይ ለማቆም አስቦ ለቀራፂያን የሚሰጥ ቢጋር፣ ማለትም ሥራው ምን መምሰል እንዳለበት የሚዘረዝር ሰነድ፣ አዘጋጅቷል። ሐሳቡን እንደግፋለን። ቢጋሩ ግን እንዳለ ባይወጣ ይሻላል እንላለን። «ከነሐስ የተሠራች፣ ቁመቷ በሰው ልክ የሆነ፣ ልብሷ የተቀደደ፣ አንገቷን የደፋች ሴት፤ ሕዝብ ሊቀርባት በሚችል ዝቅተኛ መደብ ላይ» ይላል። ሐውልት መጠገንና ዐውደ ርዕይ ማዘጋጀት ሥራችን ስለሆነ ይህች አንዲት ዓረፍተ ነገር ምን ጣጣ ይዛ እንደምትመጣ እናውቃለን። በቅን ልቦና እንደተጻፈች አንጠራጠርም፤ ቅን ልቦና ግን ነሐስን ከእጅ አያድንም።

በነሐሱ እንጀምር። ሐውልት ሲመረቅ የምናየው ቡናማ ወይም አረንጓዴ መልክ የነሐሱ የራሱ ቀለም አይደለም። ባለሙያው ብረቱን በእሳት እያሞቀ፣ ብዙውን ጊዜ የመዳብ ወይም የብረት ናይትሬት በብሩሽ እየቀባ የሚያወጣው ፓቲና የሚባል ስስ ሽፋን ነው። በላዩ ሰም ይቀባል። ይህ ሽፋን በወጉ ከተያዘ ዝናብና ፀሐይን ለዓመታት ይችላል። የሰው መዳፍን ግን አይችልም። ላብ ጨውና ቅባት አለበት፤ መዳፍ ደጋግሞ ሲፈትገው መጀመሪያ ሰሙ ይነሣል፣ ቀጥሎ ፓቲናው ይሳሳል፣ በመጨረሻ ወርቅ የሚመስለው ራቁት ነሐስ ብቅ ይላል። ያ ብልጭታ ደግሞ ለቀጣዩ መንገደኛ «የሚነካው እዚህ ጋ ነው» የሚል ምልክት ይሆንለታል። አንድ ጊዜ ከተጀመረ ማቆሚያ የለውም።

ማስረጃው በየአገሩ ቆሟል። በጣሊያኗ ቬሮና በጁልየት ቤት ግቢ የነበረችው የነሐስ ጁልየት፣ ጡቷን የነካ በፍቅር ይቀናዋል እየተባለ ስትዳሰስ ኖራ ተሰነጠቀች። እ.ኤ.አ. በ2014 (ከዚህ በታች ያሉትም ዘመናት በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ዋናዋ ወደ ቤት ውስጥ ገብታ በቦታዋ ቅጂ ቆመ። ከአሥር ዓመት በኋላ ቅጂዋም ጡቷ ላይ መበሳቷ ተዘገበ። በአየርላንድ ደብሊን በ1988 የቆመው፣ በሕዝብ ዘፈን የምትታወቀው የሞሊ ማሎን ሐውልት ደረቷ ብቻ ተለይቶ እስኪያንጸባርቅ ድረስ ተዳስሷል፤ የከተማዋ ምክር ቤት በ2025 አጠገቧ ሠራተኞች አቁሞ ሰውን በምክር ለመመለስ ሞክሯል። ወንድ ሐውልትም ይነካል፣ አፍንጫና የጫማ ጫፍ ሲያብረቀርቅ እናያለን። በሴቶቹ ላይ የሚነካው የአካል ክፍል የትኛው እንደሆነ ግን ለመገመት ማንም አይቸገርም።

«ይጠገናላ» የሚል መልስ ይመጣል። ይጠገናል። አሮጌው ሰም በማሟሟቻ ይነሣል፣ ሐውልቱ አሲድም ሶዳም በሌለበት ለስላሳ ሳሙና ይታጠባል፣ የተላጠው ቦታ ብቻ ተለይቶ እየሞቀ ፓቲናው በስስ በስሱ ይመለሳል፣ ከዚያ ሁለት ጊዜ ሰም ይቀባል፦ አንዴ ብረቱ ሞቆ ሳለ፣ አንዴ ከቀዘቀዘ በኋላ። አስቸጋሪው አዲሱን ቀለም ዓመታት ካበሰሉት ከአካባቢው ቀለም ጋር ማመሳሰል ነው፤ ትንሽ ከጨለመ ወይም ከነጣ ቁስል ላይ የተለጠፈ ፕላስተር ይመስላል። በመዳፍ ተፈትጎ ያለቀውን ብረት ደግሞ የትኛውም ቅብ አይመልሰውም። ልማዱ ካልተለወጠ ያ ሁሉ ልፋት በወራት ውስጥ ይላጣል። ስለ ጥቃት የሚናገር ሐውልት ራሱ እየተዳሰሰ ሲላጥ ምን እንደሚመስል ለእርስዎ መንገር አያስፈልገንም።

የተላጠውን ቦታ ራሱን ወደ ጥበብ ሥራ የለወጡትም አሉ። በጀርመን ቴር ደ ፋም የተባለው የሴቶች መብት ድርጅት በ2024 በብሬመን፣ በሙኒክና በበርሊን ጡታቸው በመዳሰስ ያብረቀረቀ የነሐስ ሴቶች ጀርባ የጽሑፍ ሰሌዳ አቆመ። መልእክቱ ባጭሩ ጾታዊ ትንኮሳ ምልክት ትቶ ያልፋል የሚል ነው። አዲስ ሐውልት አልተቀረፀም፣ ብረት አልቀለጠም። በቢሮዎ ሥር ባሉ አደባባዮች እንዲህ የተላጠ ሐውልት ካለ፣ ከሁሉ በፊት መሥራት ያለበትና ወጪው ትንሽ የሆነው ሥራ ይኸው ነው ብለን እናምናለን።

ይህን ስንል ነሐስ አይሁን፣ ሕዝብም አይቅረብ ማለታችን አይደለም። ያው ብረት በሌላ ንድፍ ምን እንደሚሆን ሴኡል ላይ ይታያል። የጃፓን ጦር በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ለወሲብ ባርነት የዳረጋቸውን ሴቶች የሚያስታውሰው የሰላም ሐውልት ዲሴምበር 14 ቀን 2011 በጃፓን ኤምባሲ ፊት ለፊት ቆመ፤ በየረቡዕ የሚደረገው የተቃውሞ ሰልፍ 1,000ኛ የሆነበት ዕለት ነበር። የባልና ሚስቶቹ የኪም ሶ ክዮንግና የኪም ኡን ሱንግ ሥራ ነው። የአገሯን ልብስ በሙሉ የለበሰች ልጃገረድ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ፀጉሯ በግድ እንደተቆረጠ የተጎራረደ ነው፤ ሁለት እጇን ጭኗ ላይ በቡጢ ጨብጣለች፤ ባዶ እግሮቿ ተረከዛቸው መሬት አልነካም። ወለሉ ላይ ያረፈው ጥላዋ የልጃገረድ ሳይሆን የአሮጊት ነው። ከጎኗ ባዶ ወንበር አለ።

ሁሉን የሚሠራው ያ ወንበር ነው። የመጣ ሰው አካሉን የሚያሳርፍበት ቦታ ስላገኘ ይቀመጣል፣ ሲቀመጥ ዓይኑ ከዓይኗ እኩል ይሆናል፣ እሷ ወደምታይበት ያያል። ብርድ ሲሆን ሻርፕ ይጠመጥሙላታል፣ ኮፍያ ያደርጉላታል። እሷም እጅ ይነካታል፤ ነገር ግን ተሰርቆ የሚታይ አካል፣ ተቀድዶ የሚያጋልጥ ልብስ የለም። ቀራፂዎቹ አጥር አላጠሩም፣ ዘበኛም አላቆሙም፤ ሰው እጁን ምን እንደሚያደርገው በንድፉ ወስነውለታል።

ቢጋሩ «የተቀደደ ልብስና የተደፋ አንገት» ብሎ ቀራፂዎችን ሲያስር ይህን ዕድል ከመነሻው ይዘጋል። የጉዳዩም ሥር እዚህ ጋ ነው። በጥቃት ላይ የተሠራ ሥነ ጥበብ ሁሉ ጥቃትን አይቃወምም፤ ለዘመናት የተሣለው አብዛኛው ሥዕል ተመልካቹን ከአጥቂው ጎን አቁሞ አብሮ እንዲያይ የጋበዘ ነው። ሁለት ሽማግሌዎች ስትታጠብ አድብተው ሊያስገድዷት ከሞከሩት ከሶስና ታሪክ ሁለት ሥዕሎች ጎን ለጎን ይታዩ። ጣሊያናዊው ሠዓሊ ቲንቶሬቶ በ1550ዎቹ የሣላትና ዛሬ ቪየና ያለችው ሶስና ለምለም የአትክልት ስፍራ ውስጥ መስታወቷን እያየች ናት፤ ሁለቱ ሽማግሌዎች ከቁጥቋጦው ዳርና ዳር ያጮልቃሉ፣ እኛ ደግሞ ከፊት ቆመን ከእነሱ የበለጠ እናያለን። አርቴሚዚያ ጀንቲለስኪ በ17 ዓመቷ፣ በ1610 የሣለቻት ሶስና ግን የአትክልት ስፍራ የላትም። የተቀመጠችው ቀዝቃዛ ድንጋይ ላይ ነው። ሽማግሌዎቹ ከላይ ከግንቡ ማዶ ተደርበው፣ እንደ አንድ ክምር፣ ተጭነዋታል፤ አንደኛው ጣቱን አፉ ላይ አድርጎ ዝም በይ ይላታል። እሷ ፊቷን አዙራ፣ መዳፏን ዘርግታ፣ ወገቧን ጠምዝዛ ትገፋለች። ራቁት ናት፣ ግን ሥዕሉ ስለ ራቁትነቷ አይደለም፤ ስለ ሁለቱ ሰዎች ክብደት ነው።

እግረ መንገዳችንን፣ ስለዚህች ሠዓሊት በዐውደ ርዕይ መግለጫዎች ላይ ደጋግመን የምናየውን ስህተት እናንሣ። ሶስናን የሣለችው ስለተደፈረች ነው ተብሎ ይጻፋል። አጎስቲኖ ታሲ የደፈራት በ1611 ነው፣ ሥዕሉ ላይ ያለው ዘመን ግን 1610። በ1612 ሮም ውስጥ በተካሄደው የፍርድ ሂደት እውነት መናገሯን ለማረጋገጥ ጣቶቿ በገመድ እየተጨመቁ ቃሏን ሰጠች፤ ታሲ ተፈረደበት፣ ቅጣቱ ግን በተግባር አልዋለም። ይህ ሁሉ መጻፍ አለበት። ነገር ግን የሴት ሠዓሊን ሥራ ሁሉ ወደ ቁስሏ መልሶ ማሰር፣ የእጇን ችሎታ ለደፋሪዋ መስጠት ነው። የሐውልቱን መግለጫ ጽሑፍ የሚያዘጋጀው ሰው ቢያንስ ዓመተ ምሕረቱን ያስተያይ።

ቁጣን ማሳየትም በራሱ ዋስትና አይሆንም። ሉቺያኖ ጋርባቲ በ2008 የሠራው፣ የፔርሲየስን ራስ አንጠልጥላ የቆመች ሜዱሳ (በግሪክ ተረት ፀጉሯ እባብ የሆነ፣ ጀግናው ፔርሲየስ አንገቷን የቆረጣት ሴት)፣ በ2020 ኒው ዮርክ ውስጥ በፍርድ ቤት ፊት ለፊት ሲቆም ብዙዎች በደስታ ተቀበሉት። ሌሎች ግን ወዲያው ጠየቁ፦ በጥንቱ ተረት የደፈራት የባሕር አምላኩ ፖሳይደን ነው፤ ታዲያ የተቆረጠው ለምን የፔርሲየስ ራስ ሆነ? ደግሞስ የተበቃይዋ አካል እንዲህ የተወለወለ፣ ለፋሽን ትርዒት የተዘጋጀ የመሰለ ለምን ሆነ? ጥያቄው ትክክል ነበር። ዳኞች ንድፍ ሲመርጡ «ጠንካራ ሴት ናት» ብለው ከማለፍ፣ ጣቱ ወደ ማን እንደሚጠቁም ይመርምሩ።

አሁን ደግሞ ሐውልት መሆን አለበት ወይ የሚለውን እንይ። በዚህ ጉዳይ ላይ ከተሠሩት መካከል ውጤታማዎቹ ብዙ ጊዜ ብረትም ድንጋይም አይደሉም። አሜሪካዊቷ አርቲስት ሱዛን ሌሲ በሜይ 1977 ለሦስት ሳምንት ሎስ አንጀለስ ውስጥ ያዘጋጀችው ሥራ መሠረቱ የከተማዋ ካርታ ነበር። በየቀኑ ከፖሊስ ሪፖርት ተነሥታ አስገድዶ መድፈር የተፈጸመበትን ቦታ በቀይ ማኅተም ትመታለች፤ በዙሪያው ደግሞ ሪፖርት ያልተደረጉትን የሚያመለክቱ ፈዘዝ ያሉ ምልክቶች ታደርጋለች። ከጎኑ እርዳታ የሚገኝባቸውን ቦታዎች የሚያሳይ ሁለተኛ ካርታ ነበር። ሁለተኛው ካርታ ባይኖር ሥራው ፍርሃት ብቻ ይሆን ነበር። ዛሬ ይህን መድገም የሚፈልግ ግን አንድ ነገር ይጠንቀቅ። ሰው በሳሳበት ሰፈር አንድ ነጥብና አንድ ቀን ከተቀመጡ ተጎጂዋን በስም እንደመጥራት ነው፣ ጎረቤት ያውቃታል። ስለዚህ ምልክቱ በቤት ሳይሆን በወረዳ ይሁን፣ በቀን ሳይሆን በወር ይጠቃለል፣ ቁጥሩ ከአምስት በታች የሆነበት ቦታ ከሚቀጥለው ጋር ይደመር።

ልብስን መሣሪያ ያደረጉ ሥራዎችም አሉ፤ ቢሮው ሊሠራቸው የሚችሉት በቅርቡ እነዚህ ስለሚመስሉን ሰፋ አድርገን እንጽፋለን። በ1990 አሜሪካ ውስጥ ኬፕ ኮድ ላይ 31 ቲሸርቶች በልብስ ማስጫ ገመድ ተሰቅለው የተጀመረው ሥራ ዛሬ በብዙ አገር ይደገማል። በ2015 አርቲስቷ አልኬታ ጃፋ ምሪፓ በኮሶቮ ጦርነት ጊዜ ለተደፈሩ ሴቶች ብላ 5,000 ቀሚሶችን ፕሪስቲና ስታዲየም ሣር ላይ በማስጫ ገመድ ሰቀለች። የወንዶች ጨዋታ በሚታይበት ሜዳ፣ ጓዳ ውስጥ የተደበቀ ነገር በአደባባይ ተሰጣ። በአርካንሶ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው «ምን ለብሰሽ ነበር?» የተሰኘው ዐውደ ርዕይ ደግሞ ተጎጂዎች በዚያን ዕለት የለበሱትን በገለጹት መሠረት ከተለገሱ ልብሶች እያቀናጀ ያሳያል፦ ሱሪና ሹራብ፣ ቢጃማ፣ የደንብ ልብስ። ተመልካቹ የሚፈልገውን «ጥፋተኛ ልብስ» ሲፈልግ አጥቶት ይወጣል።

እንዲህ ያለ ትርዒት ለሚያዘጋጅ የመጀመሪያው ደንብ፣ ጥቃት በተፈጸመበት ሰዓት የተለበሰው እውነተኛ ልብስ አይሰብሰብ። ክስ ያልተዘጋ ከሆነ ማስረጃ ነው። ተሳስቶ የመጣ ካለ አይታጠብ፣ አይራገፍ፣ ላስቲክ ውስጥም አይግባ። ላስቲክ እርጥበት ያፍናል፣ እርጥበቱ ሻጋታ ያመጣል፣ ከልብሱ ሊገኝ የሚችለው የዘረመል ማስረጃ ይበላሻል። በወረቀት ከረጢት ሆኖ ባለቤቷ ከፈቀደች ለመርማሪ ወይም ለጠበቃዋ ይሰጥ። ለትርዒቱ ተመሳሳይ ልብስ ይበቃል።

ቀጥሎ ገመዱ። አዘጋጆች ሁልጊዜ የሚዘነጉት የገመዱን ውጥረት ነው። 20 ሜትር ገመድ ላይ እያንዳንዱ 300 ግራም የሆነ 40 ልብስ ብንሰቅል 12 ኪሎ ነው፣ ምንም አይመስልም። ገመዱ መሐሉ ላይ የሚረግበው በ50 ሳንቲ ሜትር ብቻ እንዲሆን ከተወጠረ ግን እያንዳንዱ ጫፍ ወደ 60 ኪሎ በሚጠጋ ኃይል ይሳባል። ዝናብ መጥቶ ጥጡ ውሃ ጠጥቶ ክብደቱ 30 ኪሎ ቢደርስ ጉተታው 150 ኪሎ ይሆናል፣ ነፋሱን ሳንቆጥር። በዚህ ምክንያት የመብራት ምሰሶ ይጣመማል፣ ግድግዳ ላይ የተመታ ሚስማር ተነቅሎ ሰው ላይ ይወድቃል። መላው ቀላል ነው፦ ገመዱ በአንድ ሜትር ይርገብ፣ ጉተታው በግማሽ ይቀንሳል። ናይለን ሲረጥብ ስለሚለጠጥ ፖሊስተር ገመድ ይመረጥ። መቆንጠጫው የእንጨት ይሁን፣ ብረቱ ዝጎ ልብሱን ያቀልማል። ብርቱ ነፋስ ከተነሣ ልብሶቹ ሸራ ስለሚሆኑ ማን እንደሚያወርዳቸው ቀድሞ በስም ይመደብ።

ስለ ፐርፎርማንስ፣ አርቲስቱ በራሱ አካል በታዳሚ ፊት ስለሚሠራው ጥበብ፣ አጠር አድርገን። ዮኮ ኦኖ በ1964 ጃፓን ውስጥ መድረክ ላይ ተንበርክካ ታዳሚው እየመጣ ልብሷን በመቀስ እንዲቆርጥ ፈቀደች። ማሪና አብራሞቪች በ1974 ኔፕልስ ውስጥ 72 ዕቃዎችን ጠረጴዛ ላይ ደርድራ ለ6 ሰዓት ያሻችሁን አድርጉብኝ አለች፤ ከዕቃዎቹ መካከል ጽጌረዳም ጥይትም ሽጉጥም ነበሩ። የጀመረው በዓይን አፋርነት ነበር፣ ኋላ ልብሷ ተቀደደ፣ ቆዳዋ ተቆረጠ፣ ሽጉጡ ተነጣጠረባት። ሁለቱም ሥራዎች ያጋለጡት ታዳሚውን ነው። ቢሮው ግን እንዲህ ያለውን በሕዝብ ገንዘብ ሲያዝ የማቋረጥ ሥልጣን ያለው፣ ከአርቲስቷ ሌላ የሆነ ሰው መድረኩ ዳር መኖር አለበት። ምልክቱ በጽሑፍ ይሁን፤ ያ ሰውም ፎቶ እያነሣ መሆን የለበትም።

ተቃውሞ ይመጣል፣ ይጠብቁት። በ2019 በጃፓን በየሦስት ዓመቱ በሚካሄደው የአይቺ ትሪያናሌ ዐውደ ርዕይ ላይ የዚያኑ የሴኡል ሐውልት ቅጂ ያካተተው ክፍል በዛቻ ምክንያት በሦስተኛው ቀን ተዘጋ። ቤቱን አቃጥላለሁ የሚል ፋክስ መጥቶ ነበር፣ ስልክ የሚያነሡት ሠራተኞችም በስድብ ተጥለቅልቀው ነበር። በኦክቶበር ሲከፈት የሚገባው ሰው ቁጥር ተወስኖ በዕጣ ነበር፤ አርቲስቶቹም የራሳቸውን የጥሪ ማዕከል ከፍተው ተቆጪዎችን ራሳቸው ማነጋገር ጀመሩ። ከዚህ የምንወስደው፣ የመጀመሪያው ጥይት የሚያርፈው በተቆጣጣሪዎች ላይ ሳይሆን ደመወዟ ትንሽ በሆነችው ስልክ ተቀባይ ላይ መሆኑን ነው። ምን እንደምትመልስ፣ መቼ እንደምትዘጋ፣ ዛቻውን ለማን እንደምታስተላልፍ አንድ ገጽ ይጻፍላት።

ቢጋሩ እንዲሻሻል የምንጠይቀው እንግዲህ የሚከተለው ነው። የሴቷን አካልና አቋም የሚያዝዘው ዓረፍተ ነገር ወጥቶ በምትኩ «ሥራው ተመልካቹን የት ያቆመዋል?» የሚል ጥያቄ ይግባ፤ ተወዳዳሪዎችም ከንድፉ ጋር መልሱን በግማሽ ገጽ ያቅርቡ። ሞዴሎቹ በጠረጴዛ ላይ ብቻ አይዳኙ፤ በካርቶንም ቢሆን በሙሉ ቁመት ተሠርተው ቦታው ላይ ቀንም ማታም ይታዩ። ሌሊት መብራት በሌለበት ጥግ የቆመ ሐውልት፣ ስለ ምንም ይናገር፣ ለሴት የሚያስፈራ መደበቂያ ይሆናል። ከበጀቱ ቢያንስ አንድ አሥረኛው ለጥገና ይለይ፣ ሐውልቱም በዓመት ሁለት ጊዜ ይታጠብ፣ ሰሙ ይታደስ።

ጥቃት የደረሰባቸው ሴቶች በዳኝነት ኮሚቴው ውስጥ ድምፅ ይኑራቸው፣ ለጊዜያቸውም እንደ ማንኛውም ዳኛ ይከፈላቸው። ታሪካቸው ሥራ ላይ የሚውል ከሆነ ፈቃድ ሁለት ጊዜ ይጠየቅ፦ ሲሰጡና የተጠናቀቀውን ሥራ ሲያዩ። በሁለተኛው ጊዜ አይሆንም ያለች ምክንያት አትጠየቅ፣ ውሉም ይህን ይፍቀድ። በዐውደ ርዕይ ከሆነ ማሳሰቢያው ሰው ከገባ በኋላ ሳይሆን ከበሩ ውጭ ይለጠፍ፣ ሳይመለሱ የሚወጣበት ሁለተኛ በር ይኑር፣ የሠለጠነች አማካሪ በተከፈተበት ሰዓት ሁሉ በቦታው ትገኝ። በምረቃው ዕለት ለአንድ ሰዓት ብቻ መጥታ የምትሄድ አማካሪ ለካሜራ ነው የምትጠቅመው።

ምረቃውን ካነሣን ዘንድ፣ ሪባን የሚቆርጡት አምስት ወንድ ኃላፊዎች ባይሆኑ ደስ ይለናል። ንግግርም ካለ ያጥር።

በዚህ ደብዳቤ መሠረት የተሻሻለ የቢጋር ረቂቅ፣ የጥገና ሰሌዳና የፈቃድ ቅጽ አዘጋጅተን አባሪ አድርገናል። ቢጋሩ ለተወዳዳሪዎች ከመበተኑ በፊት ከቢሮው የቴክኒክ ክፍል ጋር ቁጭ ብለን እያንዳንዱን አንቀጽ ለማየት ዝግጁ ነን። ከተበተነ በኋላ ማረም ለቀራፂያኑም ለቢሮውም ኪሳራ ስለሆነ መልስዎ ቢፈጥንልን እንወዳለን።

ከአክብሮት ጋር፣
የአደባባይ ሥነ ጥበብ አዘጋጆችና የሐውልት ጥገና ባለሙያዎች